የጫካ አክሽን ፊልም በትንሽ ብር፦ የድሬ ተመልካች ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የአንድ ጓደኛችን ግቢ አለ። ቅዳሜ ማታ ሙቀቱ ጋብ ሲል ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን። ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው። ወንበር ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። የጓደኛዬ እናት ቡና ያፈላሉ። የምናየው ብዙ ጊዜ በትንሽ ብር የተሠራ የጫካ ፊልም ነው። አውሮፕላን ይወድቃል፣ ሰው ይታገታል፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ጠመንጃውን አንስቶ ጫካ ይገባል።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል። አንዱ "ይመቻል" ሲል ሌላው "አቦ ተወኝ፣ ቀሽም ነው" ይላል። ጥያቄዎቹ እየተመላለሱ ስለመጡ ከነመልሳቸው ጻፍኳቸው። እነዚህን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሳንቲም ጨብጬ ከምሰለፍበት ጊዜ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። ስነቅፍም ከዚያው ፍቅር ተነስቼ ነው።

አንዱን ፊልም አንዱ ሰው 10፣ ሌላው 1 የሚሰጠው ለምንድነው?

ሁለቱ የተቀመጡት የተለያየ ነገር ሊያዩ ነው። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ የመጣ ነው። ተኩስ ይፈልጋል፣ ሩጫ ይፈልጋል፣ መጥፎው ሰውዬ መጨረሻ ላይ የእጁን ሲያገኝ ማየት ይፈልጋል። ያንን ካገኘ ሌላው ምርቃት ነው። ሁለተኛው ፖስተሩን አምኖ የመጣ ነው። ፖስተሩ ላይ ሄሊኮፕተር አለ፣ እሳት አለ፣ ሠራዊት አለ። ፊልሙ ውስጥ ግን ስድስት ሰዎች ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ይሯሯጣሉ። ይሄኛው ተታለልኩ ነው የሚለው።

ኢንተርኔት ላይ ነጥብ ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትንሽ ፊልም ገና እንደወጣ ነጥብ ለመስጠት የሚቀድሙት ብዙ ጊዜ ሠሪዎቹና ወዳጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ 10 እና 1 ብቻ የሞላበትን ነጥብ ብዙም አላምነውም። እኔ የማነበው 5 እና 6 የሰጡትን ነው። እነሱ "እስከዚህ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ጋ ተበላሸ" ብለው ቦታውን ይነግሯችኋል።

ፊልሙ ብር እንዳጠረው በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ዛፉን እዩ። በቅርብ ያየነው ፊልም ላይ ግንዱ ለሁለት የተከፈለ፣ አንዱ ቅርንጫፉ እንደ ክርን የታጠፈ ዛፍ ነበር። አክተሩ በመጀመሪያው ቀን አለፈው። አሳዳጆቹ "ወንዙን ተሻገርን" ብለው ያረፉት እዚያው ዛፍ ሥር ነው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ የተደበቀችው ከሱ ጀርባ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ "ዛፉም ይከፈለዋል እንዴ?" ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀረጻ ቦታ መቀየር ማለት መኪና፣ ጄኔሬተር፣ ምግብና መኝታ እንደ አዲስ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ይያዝና ካሜራው ወዲያና ወዲህ ይዞራል።

ሁለተኛው ማታው ነው። ጫካን በጨለማ ለመቅረጽ ብዙ መብራት ያስፈልጋል። ብር ከሌለ ቀን ይቀረጽና ምስሉ እንዲጨልም፣ ሰማያዊም እንዲሆን ይደረጋል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ትልልቆቹም ተጠቅመውበታል። ሰውዬው "መሸብን" እያለ ቅጠሉ ላይ ፀሐይ ስታብረቀርቅ ካያችሁ ግን ዘዴው አልሠራም።

ሦስተኛው እሳት ነው። ፍንዳታው ሲነሳ አጠገቡ ያለው ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ እሳቱ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የተጨመረ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ይታለፋል። ብር አነሰው ብሎ ወንበሩን ይዞ የሄደ ሰው ግቢያችን ውስጥ አላየሁም። ሰው የሚነሳው ሠሪው ራሱ ግድ እንዳልሰጠው ሲገባው ነው። አክተሩ ወንዝ ዋኝቶ ይወጣል፤ ቀጥሎ ስናየው ሸሚዙ ደረቅ ነው፣ ጫማውም ተወልውሏል። ሸሚዝ ለማርጠብ አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። አንድ ባልዲ ውሃ የሚያጣ ፊልም የለም።

የጓደኛዬ እናት ስለ ካሜራ አያውቁም፤ አውቃለሁም አይሉም። የዚያን ዕለት ስኒ እያቀበሉ አንሶላውን ቀና ብለው አዩና "ይሄ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም እኮ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የአክተሩን አፍ ስንጠብቅ አመሸን። በዚያ ፊልም ላይ ከተባለው ሁሉ ይሄን የሚያህል ሂስ አልሰማሁም። ረሃብን ለማሳየት ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። ሰውዬው የማያውቀውን ፍሬ ቆርጦ፣ አሽትቶ፣ ፈራ ተባ እያለ ጫፉን ሲነክስ ብናይ ጫካው ያኔ ያስፈራን ነበር።

ፖስተሩ ላይ ያለው ታዋቂ አክተር ፊልሙ ውስጥ የት ሄደ?

ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልክ ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ ያደርጉታል። ጫካውን አይረግጥም። ፖስተሩ ላይ ግን ፊቱ ጭቃ ተቀብቶ ጠመንጃ ታጥቋል። በዚህ የተናደደ ተመልካች 1 ቢሰጥ አልፈርድበትም።

ለምንድነው ብዙዎቹ ፊሊፒንስ የተቀረጹት?

ቪዲዮ ቤት ተቀምጠን "ቬትናም" እያልን ያየነው ጫካ አብዛኛው ቬትናም አልነበረም። በዚያን ጊዜ አሜሪካኖች እዚያ ገብተው መቅረጽ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ፊሊፒንስ፣ ታይላንድ ወይም ሜክሲኮ ይሄዱ ነበር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሁለተኛው ራምቦ የተቀረጸው ሜክሲኮ ነው።

ፊሊፒንስ ላይ ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። ጉልበት ርካሽ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሠራተኛ ሞልቷል፣ ጫካውም ከዋና ከተማው ሩቅ አይደለም። በርካሽ ፊልም የሚታወቀው ፕሮዲዩሰር ሮጀር ኮርማን ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፊልሞቹን እዚያ ያሠራ ነበር። የአገሪቱ መንግሥትም የጦር መሣሪያና ሄሊኮፕተር ያከራይ ነበር። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ1976 "አፖካሊፕስ ናው"ን ሲቀርጽ ሄሊኮፕተሮቹን ያገኘው ከአገሪቱ ጦር ነው። ጦሩ አማፂ ለመውጋት ሲፈልጋቸው ከቀረጻ መሃል አስነስቶ ይወስዳቸው ነበር። በዚያው ዓመት አውሎ ነፋስ ለቀረጻ የተሠራውን መንደር ጠራርጎታል። ያኛው ትልቅ በጀት የነበረው ፊልም ነው። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ግን ትንንሾቹም በዚያው መንገድ ተግተልትለው ሄዱ።

በትንሽ ብር ተሠርቶ ጥሩ የሆነ የጫካ ፊልም አለ?

አለ። የኦሊቨር ስቶን "ፕላቱን" እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። በ6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፊሊፒንስ ውስጥ ተሠርቶ የምርጥ ፊልም ኦስካርን ወሰደ። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ተዋናዮቹን ጫካ አስገብተው እንደ ወታደር አሠለጠኗቸው። ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እዚያው ተኙ፣ እንቅልፍም አጡ። ፊልሙን ስታዩ ፊታቸው ላይ ያለው ድካም የትወና ብቻ አይደለም። ዓይናቸው ያበጠ ነው። ይሄ በውድ ካሜራ አይገዛም።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠራው "ፕሬዴተር" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬ ጫካ ውስጥ ወታደሮችን ያድናል። በጀቱ ትንሽ የሚባል አይደለም። ግን ከሱ በኋላ የመጡት ትንንሾች አብዛኛው እሱን ነው የሚኮርጁት። የሚኮርጁት ደግሞ ጡንቻውንና ተኩሱን ነው፤ ብልሃቱን ይተዉታል። አውሬውን ረጅም ሰዓት አናየውም። ቅጠል ይነቃነቃል፣ አየሩ እንደ ውሃ ይወዛወዛል፣ በቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሠሩት የአውሬ ልብስ ሜክሲኮ ድረስ ከሄደ በኋላ አይሆንም ተብሎ ተጥሏል። ሌላ በፊልም ጭራቅ ሠሪው ስታን ዊንስተን እጅ እንደ አዲስ ተሠራ። በአውሬው ዓይን የምናየውን የሙቀት ምስል ሲቀርጹም ጫካው ራሱ የሰው ገላ ያህል ሞቆ ካሜራው ሰውን ከዛፍ መለየት አቅቶት ነበር። ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግንቦት ላይ የቤታችን ግድግዳ እንዴት እንደሚያቃጥል እናውቃለን።

ግቢውን ሙሉ ዝም ያሰኘው ትዕይንት የቱ ነው?

ጎርፍ ነው።

አክተሩ ልጅቷን አዝሎ የሞላ ወንዝ ይሻገራል። ውሃው ደረቱ ይደርሳል፤ ግን የጠራ ነው፣ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ማንም አላጨበጨበም። ድሬ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ናት። ከመካከላችን ያን ሌሊት የሚያስታውሱ አሉ። አንድ ጎልማሳ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ጎርፍ እንዲህ አይመጣም። መጀመሪያ ድምፁ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ትሰማለህ። ከዚያ የአፈር ሽታ ይመጣል። ውሃ እኮ አይመስልም፣ ጭቃ ነው። ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ነው የሚመጣው።" ትንሽ ዝም አለና "ደጋ ላይ ይዘንባል፣ እኛ ደረቅ መሬት ላይ ተኝተናል" ብሎ ጨረሰ።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ያን ትዕይንት ብዙ አሰብኩበት። ፊልም ሠሪው ጎርፍ ያየ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ወንዙን ማሳየትም አያስፈልገውም ነበር። ጨለማ፣ ከሩቅ የሚላተም ድንጋይ፣ ልጅቷ "ይሄ ምንድነው?" ስትል። ከዚያ የአክተሩ ፊት። ወጪው ከዚያ ሰላማዊ ወንዝ ያንሳል፤ እኛም እስከ ዛሬ አንረሳውም ነበር።

የጫካው ድምፅ ለምን አንዳንዴ ይረብሻል?

ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ ነው። ሰው ሲንከተከት የሚመስል የወፍ ጩኸት በብዙ የጫካ ፊልም ላይ ሰምታችኋል። ኩካቡራ ትባላለች፤ አገሯ አውስትራሊያ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ የታርዛን ፊልሞች ጀምሮ ጫካው አፍሪካም ይሁን አማዞን እሷን ያስጮኋታል።

የአክስቴ ልጅ ሐረር ጀጎል አጠገብ ነው ያደገው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጅብ ሲጮህ እየሰማ የተኛ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ አብሮን አየ። ፊልሙ አማዞን ውስጥ ነኝ ይላል። ሌሊት ሆነ፣ እሳት ተነደደ፣ ከጀርባ ጅብ ጮኸ። ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ወላሂ ይሄ ጅብ ነው! የኛ ጅብ!" ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ጅብ የለም። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ምንም ቢል አላመነውም፤ እኔም አልተከራከርኩትም። የሌሊቱን ድምፅ የሚያውቅ ሰው በድምፅ አይታለልም።

የንግግሩም ድምፅ ያው ነው። ጫካ ውስጥ ትንኙና ጄኔሬተሩ ስለሚረብሽ ንግግሩ ብዙ ጊዜ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል። በጥንቃቄ ካልተሠራ ሰዎቹ ዛፍ ሥር ቆመው ክፍል ውስጥ የሚያወሩ ይመስላሉ። ደብዛዛ ምስል እታገሳለሁ። ይሄን ግን ጆሮዬ አይችለውም።

"አክተር አይሞትም" ከተባለ ልባችን የሚንጠለጠለው በምኑ ነው?

በሌሎቹ ነው። አክተሩ እንደሚተርፍ ከአምስት ዓመት ልጅ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። መንገድ መሪው ይተርፋል ወይ? ያ ቀልደኛው ወታደርስ? የሚስቱን ፎቶ ከኪሱ ያወጣው እንኳ አለቀለት፤ ግቢው ገና ፎቶውን ሲያይ "በቃ ሄደ" ይላል። ጥሩ ፊልም ሠሪ ይሄን ልማዳችንን ያውቃል። ፎቶ ያወጣውን ያተርፍና ምንም ያልጠረጠርነውን ይወስድብናል። ያኔ ነው ቡናው ስኒ ውስጥ የሚቀዘቅዘው።

የአገሩ ሰዎች ለምን ስም የላቸውም?

ይሄን የጠየቀችው አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሚቆጨኝ ጥያቄ ነው።

አስተውሉ። የጫካው ነዋሪ ሦስት ሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ መንገድ ማሳየት፣ መሸሽና መሞት። የመንደሩ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "ወደዚያ አትሂዱ፣ መንፈስ አለ" ይላል። መንገድ የምታሳየው ሴት አክተሩን በወደደች ማግስት ትገደላለች። ፊልሙ ሲያልቅ የፈረንጁ ሚስት አቅፋ ትቀበለዋለች፤ የዚያች ሴት እናት የት እንደደረሰች የሚጠይቅ የለም። ልጅ ሆነን ይሄን አናይም ነበር። ሁላችንም አክተሩን ነበርን፤ ደቻቱ አሸዋ ላይ ዱላ ይዘን ስንታኮስ መንደርተኛ መሆን የፈለገ ልጅ አላስታውስም። አሁን ሳየው ግን እኛ ለዚያ መንደር ሰዎች ነው የምንቀርበው። ቤታቸው ሲቃጠል ከጀርባ የሚሮጡትን ልጆች ነው የማየው።

እዚህም ላይ የብር ጉዳይ አያነሱብኝ። ለአንድ ሽማግሌ ስም መስጠት፣ ሁለት መስመር ንግግር በራሱ ቋንቋ ማናገር ምንም አያስወጣም። ይሄን ያደረገ ትንሽ ፊልም ካገኘሁ ሌላውን ጉድለቱን ሁሉ እረሳለታለሁ።

ጥይቱ አያልቅም እንዴ? የሚውጥ አሸዋስ እውነት ነው?

ያልቃል። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። ሳያቋርጡ ከተኮሱ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። አሸዋውም ሙሉ ሰው አይውጥም፤ ገላችን ከረጠበ አሸዋ ስለሚቀል ወገብ አካባቢ ሲደርስ መስጠሙ ይቆማል። አደጋው እዚያ ተይዞ መቅረት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ለምን ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን ታሪክ ይተርካል?

ስለ ቻክ ኖሪስ "ሚሲንግ ኢን አክሽን" ነው የምትጠይቁት። ሁለቱ ተከታትለው ተቀረጹ። መጀመሪያ እንዲወጣ የታሰበው ሁለተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ በ1984። በታሪኩ ቅደም ተከተል ማየት የፈለገ ገልብጦ ይይ።

በትርጉም ይሻላል ወይስ በኦሪጅናሉ?

የጫካ ፊልም ንግግሩ ትንሽ ስለሆነ በኦሪጅናሉ እዩት እላለሁ። ተራኪው ጎበዝ ሲሆን ትርጉም ራሱን የቻለ ደስታ አለው፤ እናቶችና ልጆች አብረው ያያሉ። ግን ተራኪው ዝም አይልም። አክተሩ ትንፋሹን ይዞ ቅጠል ሥር ሲተኛ እኛም ትንፋሻችንን መያዝ አለብን። በዚያች ሰዓት "ምስኪኑ ጆን አሁን ተደብቋል" የሚል ድምፅ ሲመጣ ፍርሃቱ ይሰደዳል። እኛ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ዋናዋን ነገር ብቻ ለናቶች ይተረጉማል።

ከልጆች ጋር ይታያል?

ቀድማችሁ ሳታዩት አይሆንም። ርካሽ የጫካ ፊልም ታሪኩ ሲያልቅበት ወደ ደም ይሮጣል። እኛ ፍላሽ ላይ የተጫነውን ሐሙስ ማታ ሁለት ሰው ሆነን እናየዋለን። የማይሆን ከሆነ ሌላ እናስጭናለን።

እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ፊልም መሥራት ይቻላል?

ጫካ ከተፈለገ ምዕራብ ሐረርጌ የድንድን ደን አለ። ባሌ ሐረና አለ፤ ጭጋግ የለበሰ፣ ቡና በዱር የሚበቅልበት። ራቅ ካለ ደግሞ ካፋ፣ ያዩና ሸካ። ሦስቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው።

እኔ ግን ድሬ ላይ ሆኜ ጫካ ፍለጋ አልሄድም። የደንገጎን ጥምዝምዝ አስቡት፤ ማታ፣ አንድ አይሱዙ መብራቱን አጥፍቶ ሲወርድ። ባቢሌን አልፋችሁ ዳካታ ሸለቆ ግቡ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ቆሟል፤ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ ነው። ሰው ሲያሳድድና ሲሳደድ ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዛፉ ግራር ነው፣ አጥሩ ቁልቋል፣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ። የሸሸ ሰው እዚህ የሚደበቅበት ቅጠል የለውም፤ ውሃም የለውም። ሠሪዎቹ ከቦታው ሰው ጋር ተቀምጠው ቢጠይቁ፣ ያ ጎልማሳ ስለ ጎርፍ የነገረን ብቻ ግማሽ ፊልም ይሆናል።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል መብራት ቢጠፋስ?

ጠፍቶብን ያውቃል። አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነበር። አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ፣ መንገድ መሪው ቆስሎ፣ መጥፎው ሰውዬ ልጅቷን ይዞ። ግቢው ድቅድቅ አለ። ማንም አልተነሳም። አንዱ መጨረሻውን ከራሱ ፈጥሮ መተረክ ጀመረ። ሌላው "አይ፣ መንገድ መሪው ነው የሚያድናት" አለ። ያቺ ተማሪ ለመንገድ መሪው ስም አወጣችለት። ያ የጎርፉ ጎልማሳ ገደሉ ሥር ወንዝ አመጣ። የጓደኛዬ እናት በሻማ ሦስተኛውን ቡና ቀዱና አክተሩ መንደሩ ገብቶ ገንፎ እንዲበላ አደረጉ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አንሶላው በራ፤ ፊልሙ ካቆመበት ሊቀጥል ሲል ጓደኛዬ ቀና ብሎ ሁላችንንም አየና ፕሮጀክተሩን አጠፋው።